የፍጥረት ቀን ስንት ሰዓት ነበረው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። የሕፃናቱን ክፍል እንዳስተምር ተመድቤ ስለ ሥነ ፍጥረት በማስረዳበት ዕለት፥ እሑድ ስምንት፣ ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሦስት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ አራት፥ በድምሩ ሃያ ሁለት ፍጥረት እያልኩ በጣቴ ሳስቆጥር እጁን አነሣ። «ጋሼ፣ በትምህርት ቤት ድንቅነሽ 3 ሚሊዮን 200 ሺሕ ዓመት ሆኗታል ተብለናል። እዚህ ደግሞ ዓለም ከተፈጠረ 7 ሺሕ 500 ዓመት ገደማ ነው ይሉናል። የትኛው ነው ልኩ?» አለኝ።

ሰዓታችን ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ መዝሙር አጥኚዎቹም በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። እኔም ነገሩን በአጭሩ ለመቁረጥ፥ «ፈተና ላይ መምህርህ ያስተማረህን ጻፍ፤ እዚህ ስትመጣ ደግሞ እኛ የምንነግርህን ያዝ» አልኩት። «እሺ ጋሼ» ብሎ ተቀመጠ። ጥያቄውን በጥበብ ያለፍኩት መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስለ ጾም ስንማማር፥ ለምን እንደምንጾም ያንኑ ልጅ ጠየቅሁት። ከመቀመጫው ተነሥቶ፥ ምንም ሳይስቅ፥ «የፈተናውን መልስ ነው የሚፈልጉት ወይስ የእውነቱን?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጁ አላላገጠም፤ ያስተማርኩትን በሚገባ ተምሮ ነው የመለሰልኝ። አንድ ነገር በአንድ ቦታ እውነት ሆኖ በሌላው ቦታ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል፥ ብልኅ ሰው ማለትም እንደ ቦታው የሚናገር መሆኑን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያስተማርኩትም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው።

ነገሩን መርምሬ ሳየው ለልጁ የሰጠሁት ምክር የራሴው ኑሮ ነበር። እኔ በዩኒቨርሲቲ የምማረው ጂኦሎጂ፥ ማለት የሥነ ምድር ትምህርት ነው። በሁለተኛው ዓመት ለመስክ ትምህርት ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን ነበር። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወንዙ ድረስ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ፤ እርሱም የቀለጠ እሳተ ገሞራ ሆኖ ፈስሶ የረጋ ድንጋይ ነው። ከእርሱ በታች የአሸዋ ድንጋይ፥ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፥ ከዚያ በታች ጀሶና ጭቃ የተደራረቡበት፥ ከሥር ደግሞ ወደ ወንዙ አጠገብ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። መምህራችን ከኖራው ድንጋይ ላይ በመዶሻ አንድ ቁራጭ መትቶ ሰጠኝ። ድንጋዩ ውስጥ ዛጎል ነበረ። ከቅርቡ ባሕር በመቶ በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች በሚርቅ ደጋ አገር፥ በገደል ወገብ ላይ የባሕር ዛጎል! የኖራው ድንጋይ 150 ሚሊዮን፥ ከላይ ያለው ባዛልት ደግሞ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚሆነው ተነገረን፤ እኔም ጻፍኩ። በዚያው ሳምንት እሑድ እዚህ መጥቼ 7 ሺሕ 500 ዓመት እያልኩ አስተማርኩ። ዛጎሉን ከመዝሙረ ዳዊቴ አጠገብ በጠረጴዛ ላይ አኑሬው ነበር፤ ሁለቱን በየቀኑ እያየሁ ሁለቱን ለማነጋገር አልደፈርኩም።

ምናልባት ከእናንተ መካከል፥ ይህ የዘመን ቁጥር ሁሉ የሳይንቲስቶች ግምት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም እንዲህ ባለ ኖሮ ይቀልለኝ ነበር። ዳሩ ግን አሠራሩን ከተማሩት በኋላ እንዲህ ለማለት ኅሊና አይፈቅድም። ከእሳተ ገሞራ በሚወጣ አመድና ድንጋይ ውስጥ አንድ የፖታሲየም ዓይነት አለ። ይህ ነገር በራሱ ጊዜ፥ ሳይፈጥንና ሳይዘገይ፥ ከፊሉ አርገን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ጋዙ በድንጋዩ ውስጥ ታስሮ ይቆያል። ስለዚህ የፖታሲየሙንና የአርገኑን መጠን መዝኖ ድንጋዩ ከረጋ ስንት ጊዜ እንደሆነው ማስላት ይቻላል። አንድ ጧፍ በሰዓት ምን ያህል እንደሚነድ የሚያውቅ ዲያቆን፥ የቀረውን ጧፍ አይቶ መቼ እንደ በራ እንደሚናገር ማለት ነው። ድንቅነሽም ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር በተባለው ቦታ ስትገኝ፥ ዕድሜዋ የታወቀው በአካባቢዋ ባሉት የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች ነው። ቁጥሮቹ መታረማቸው አይካድም። በኦሞ ወንዝ አጠገብ ኪቢሽ በተባለው ቦታ የተገኘው የሰው አፅም 195 ሺሕ ዓመት ይባል የነበረው፥ በ2014 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ወደ 230 ሺሕ ከፍ ብሏል። ነገር ግን እርማቱ ወደ 7 ሺሕ አላወረደውም።

በዚህ ጊዜ ሰው የሚሸሽባቸው መንገዶች አሉ፤ እኔም አንድ በአንድ ሞክሬአቸዋለሁ።

አንደኛው፥ ዛጎሉን ያመጣው የኖኅ ዘመን የጥፋት ውኃ ነው ማለት ነው። አያቴም ዛጎሉን ባሳየኋት ጊዜ ወዲያው ያለችው ይህንን ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ልይዘው ነበር፤ ጀሶው ግን ከለከለኝ። ጀሶ የሚረጋው ጨዋማ ውኃ በፀሐይ ሲደርቅ ነው። በዓባይ ገደል ያለው የጀሶ ክምር ባሕሩ እየመጣ፥ እየደረቀ፥ እንደገና እየመጣ ብዙ ጊዜ እንደ ተመላለሰ ይመሰክራል። አንድ ጊዜ መጥቶ ባንድ ዓመት ውስጥ የጎደለ ውኃ እንዲህ ያለ ነገር አይተውም።

ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ብልኅ ይመስላል። እግዚአብሔር አዳምን ሕፃን ሳይሆን ሙሉ ሰው አድርጎ እንደ ፈጠረው ሁሉ፥ ምድርንም ያረጀች አስመስሎ ፈጥሯታል የሚል ነው። ስለ አዳም የተባለው መልካም ነው፤ ነገር ግን አዳም በግንባሩ ላይ ያልወደቀውን አወዳደቅ የሚያሳይ ጠባሳ ነበረበትን? በድንጋዩ ውስጥ ያለው ዛጎል ግን የኖረ፥ ያደገና የሞተ እንስሳ ቤት ነው። ያልኖረን እንስሳ ሬሳ በድንጋይ ውስጥ የሚቀብር አምላክ፥ ሊያሳስተን የሚጽፍ አምላክ ይሆናል። ይህንን ስለ ጌታችን ለማሰብ አልደፍርም። ምድር አርጅታለች ከማለት ይልቅ እግዚአብሔር ያታልላል ማለት እጅግ የከፋ ኑፋቄ መስሎ ይታየኛል።

ሦስተኛው መንገድ በተማሩት ዘንድ የተወደደ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ቀን አንድ ረጅም ዘመን ነው፥ ስለዚህ ኦሪትና ሳይንስ ቃል በቃል ይስማማሉ የሚለው ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ተጽናንቼ ነበር። ነገር ግን ዕፅዋት የተፈጠሩት ማክሰኞ፥ ፀሐይ ደግሞ ረቡዕ ነው፤ ዘመን ብለን ካስረዘምነው ዛፎቹ ያለ ፀሐይ ስንት ሚሊዮን ዓመት ሊቆሙ ነው? አዕዋፍ ሐሙስ፥ የምድር ተንቀሳቃሾች ዓርብ ናቸው፤ ድንጋዩ ደግሞ በምድር የሚሳቡት ከወፎች እንደሚቀድሙ ያሳያል። እንዲያስማማ ስንል ሁለቱንም እንጠመዝዛለን። ደግሞስ የኪቢሹ ቁጥር እንደ ተለወጠ ነገም ሌላው ቢለወጥ፥ ኦሪትን ከሳይንስ መጽሔት ጋር በየዓመቱ ልናርም ነው?

እንዲህ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶብኝ ሳለ፥ በልጅነቴ ፊደል ወዳስቆጠሩኝ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። እርጅና ተጭኗቸዋል፤ ከደጃፋቸው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ጉዳዬን ሁሉ፥ ለልጁ የሰጠሁትን ምክር ጭምር ሳልደብቅ ነገርኳቸው። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን፥ «አዳም ከዛፉ በበላ ቀን እንደሚሞት ተነግሮት ነበር፤ ታዲያ በዚያ ቀን ሞተን?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«በነፍሱ ሞተ» አልኳቸው፥ እንደ ተማርኩት።

«እርሱ አንዱ ነው፤ አንድምስ?»

ዝም አልኩ።

«ስንት ዓመት ኖረ?»

«ዘጠኝ መቶ ሠላሳ።»

«ሺሕ ሊሞላ ስንት ጐደለው?»

«ሰባ።»

«በል ሂድና ኩፋሌን አንብብ» ብለው ወደ ፀሐያቸው ተመለሱ።

ቤቴ ሄጄ መጽሐፈ ኩፋሌን ገለጥኩ። አራተኛው ምዕራፍ ስለ አዳም ሞት ሲናገር፥ ከሺሕ ዓመት ሰባ እንደ ጐደለው፥ በሰማይ ምስክርነትም ሺሕ ዓመት እንደ አንድ ቀን ስለሆነ፥ አዳም በበላበት ቀን ውስጥ እንደ ሞተ ያስረዳል። እኔ ኩፋሌን የቀኖናችን መጽሐፍ ነው እያልኩ በኩራት የምናገር ሰው ነኝ፤ ይህችን ቦታ ግን ልብ ብዬ አላነበብኳትም ነበር። እነሆ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ ሁለት ላይ ያለውን «ቀን» የሚለውን ቃል ከሃያ አራት ሰዓት አውጥቶ የተረጐመው የዘመናችን ሳይንቲስት አይደለም፤ ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት የተጻፈ የራሳችን መጽሐፍ ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ክር ተተረተረልኝ። እኛ ዓመተ ዓለም ብለን ከአዳም እስከ ክርስቶስ የምንቆጥረው 5500 ዓመት ከየት መጣ? በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት እግዚአብሔር ለአዳም በአምስት ቀን ተኩል እንደሚያድነው ተስፋ ሰጠው፤ ያም አምስት ቀን ተኩል 5500 ዓመት ነው እንላለን። ይህንን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን። ወዳጆቼ፣ ልብ አድርጉ! ያ እኔ ከሚሊዮኑ ጋር ያጣላሁት 5500፥ ራሱ የተነገረን «ቀን» ማለት ሁልጊዜ የፀሐይ መውጫና መግቢያ አይደለም በሚል ትርጓሜ ነው። ለአዳም የተሰጠውን የተስፋ ቀን በሺሕ ዓመት እየፈታን፥ የፍጥረትን ቀን ግን አንዲት ደቂቃ አንጨምርም ብለን ድንጋይ ከሚቈፍር ሁሉ ጋር ለመጣላት የቆረጥነው ለምንድን ነው?

ይህን ስል በሺሕ አባዝቼ ወደ ሚሊዮን ለመድረስ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ስድስት ቀን በሺሕ ቢባዛ ስድስት ሺሕ ነው፤ ለዓባይ ባዛልት እንኳ አይበቃም፥ 4 ቢሊዮን 540 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ለሚባልላት ምድርማ ከቶ የት ይደርሳል? ሐዋርያው ጴጥሮስም ሺሕ ዓመት በጌታ ዘንድ እንደ አንድ ቀን መሆኑን ብቻ ሳይሆን አንድ ቀንም እንደ ሺሕ ዓመት መሆኑን ይነግረናል። ወዲህም ወዲያም የሚሄድ ነገር የማባዣ ሠንጠረዥ አይሆንም። የሚነግረን የእግዚአብሔር ቀን በእኛ ሰዓት እንደማይለካ ነው።

የዓመተ ዓለሙን ቁጥር ደግሞ ከልብ እወደዋለሁ፤ እንድንጥለውም አልመክርም። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሁሉ ቁጥሩ ሕያው መሆኑን ያውቃል። 2018 ዓ.ም.ን ውሰዱ። 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል 1879 ደርሶ ሁለት ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518ና 1879 ተደምረው ለሰባት ሲካፈሉ ሦስት ይተርፋል፤ ከማክሰኞ ጀምራችሁ ሦስት ብትቆጥሩ ሐሙስ ይሆናል፤ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.ም የዋለው ሐሙስ ነው። በዚሁ ቁጥር ላይ ቆመን ዐቢይ ጾም የሚገባበትን፥ ትንሣኤ የሚውልበትን ቀን እናወጣለን። ቁጥሩ የተሠራው ሕዝቡ በአንድ ቀን እንዲጾምና በአንድ ቀን እንዲፈስክ ነው፤ ይህንንም ሥራውን ሳያዛንፍ ይሠራል። የድንጋይን ዕድሜ እንዲናገር ግን ማንም አልላከውም። ደግሞም ትውልድ እየቆጠሩ ዘመን ያወጡ ሁሉ ባንድ ቁጥር አልተገናኙም። አዳም ሴትን ሲወልድ በዕብራይስጡ 130፥ በሰባ ሊቃናትና እርሱን በሚከተለው በግዕዙ 230 ዓመቱ ነው። በዚህና ይህን በመሳሰለው ልዩነት ምክንያት አይሁድ ፍጥረትን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3761 ሲያደርጉት፥ ኡሸር የተባለው የአየርላንድ ሊቀ ጳጳስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1650 ባሳተመው መጽሐፍ በ4004 አድርጎታል። በእኛና በአይሁድ ቁጥር መካከል ከ1700 ዓመት በላይ ልዩነት አለ።

አባቶችስ ምን አሉ? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ሁሉም ከእኔ ጋር አይደሉም። ውዳሴ ማርያምን የደረሰልን ቅዱስ ኤፍሬም ስድስቱን ቀናት እንደ ተጻፉ እንጂ እንደ ምሳሌ መውሰድ አይገባም ይላል። ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ስድስቱ ቀናት በሰበካቸው ዘጠኝ ስብከቶቹ ቀኑን ሃያ አራት ሰዓት አድርጎ ያስተምራል፤ ነገር ግን መጽሐፉ «መጀመሪያ ቀን» በማለት ፈንታ «አንድ ቀን» ማለቱን አይቶ፥ ይህ ቀን ከዘላለም ጋር ዝምድና እንዳለው ያመለክታል። የምዕራቡ አውግስጢኖስ ደግሞ እግዚአብሔር ሁሉን ባንድ ጊዜ ፈጠረ፥ ስድስቱ ቀናት እንደኛ ቀናት አይደሉም ይላል። እርሱ ከዚህም አልፎ፥ ክርስቲያን ስለ ሰማይና ስለ ከዋክብት የማያውቀውን ከመጽሐፍ እየጠቀሰ ሲናገር የሰማው አረማዊ፥ ስለ ትንሣኤ የሚነግረውን እንዴት ያምነዋል ብሎ ያዝናል። ይህ የተጻፈው ጋሊሌዮ ከመወለዱ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። የእኛም ሊቃውንት የመጽሐፍ ትርጓሜያቸው «አንድምታ» የተባለው ከአንዱ ቃል «አንድም» እያሉ ብዙ ምሥጢር ስለሚያወጡ አይደለምን? የኔታ «አንድምስ?» ያሉኝ ያለ ነገር አልነበረም።

የሚከብደኝ አንድ ክርክር ግን አለ፤ ይኸውም የሰንበት ትእዛዝ ነው። በኦሪት ዘፀአት እግዚአብሔር በስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ስላረፈ እናንተም ዕረፉ ተብለናል፤ ቀኑ ቀን ካልሆነ ሰንበትስ ምን ይሆናል? ብዙ አሰብኩበት። በኦሪት ዘዳግም ይኸው ትእዛዝ ሲደገም ምክንያቱ ሌላ ነው፤ በግብፅ ባሪያ ስለ ነበርክና እግዚአብሔር ስላወጣህ ይላል። ሁለቱም ቦታ ግን አገልጋይህና ከብትህም ይረፉ ይላል። ሳምንቱ የተሰጠን ሠራተኛው እንዲያርፍበት እንጂ የምድርን ዕድሜ እንድናሰላበት አልመሰለኝም። ደግሞም ኦሪት በስድስቱ ቀናት ላይ ማታና ጠዋት መሆኑን ስትናገር በሰባተኛው ላይ ዝም ትላለች። ያ ቀን መሸ አልተባለም።

እኔ እስካሁን የያዝኩት ይህን ነው፤ ፍጥረት ሁሉ በእግዚአብሔር ቃል ከምንም ተፈጠረ፤ መልካምም ነበረ፤ ሰውም በመልኩ ተፈጠረ። ይህንን ዛጎሌም ሆነ ድንቅነሽ አይነኩብኝም። የቀኑን ርዝመት ግን አላውቅም። ስለ አዳምና ስለ እነዚያ ጥንታውያን አፅሞች ገና የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ አለ፤ እንዳልጨረስኩት ልንገራችሁ እንጂ እንደ ጨረስኩት ሆኜ አልጽፍም።

ባለፈው እሑድ የሕፃናቱን ክፍል ከጸሎት በኋላ አስቀምጬ፥ «በዚያን ቀን ለወንድማችሁ የሰጠሁት ምክር ስሕተት ነበር፤ እዚህም ሆነ ትምህርት ቤት የምታምኑትን ነው መናገር ያለባችሁ» አልኳቸው። አፌ ደርቆ ነበር። ልጁ ወዲያው እጁን አነሣ፤ «ታዲያ ጋሼ፣ ቀኑ ስንት ሰዓት ነበር?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። «የኔታስ ያውቃሉ?» «እርሳቸውም ሺሑን ከመጽሐፍ አሳዩኝ እንጂ ሰዓቱን አልነገሩኝም።» ጥቂት አሰበና ከጠረጴዛዬ ያመጣሁትን ዛጎል አንሥቶ ወደ ብርሃን እያገላበጠ አየው። ለእናቴ ላሳያት ብሎ ወሰደው፤ እስካሁንም አልመለሰልኝም።